ቀድሞ የሚጀመር፣ ዘግይቶ የሚቆም ኪኒን

(ለነፍሰ ጡርና ለአራስ እናት ስለሚሰጡ ቫይታሚኖች ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር)



በአንድ ትንሽ ስሌት ልጀምር። ወረቀትና እስክሪብቶ አያስፈልግም፤ የእጅ ጣት ይበቃል። አንዲት ሴት ዛሬ ፀነሰች እንበል። ከሁለት ሳምንት በኋላ የወር አበባዋ መምጫ ይደርስና ይቀራል። «ድካም ይሆናል፣ ሐሳብ ይሆናል» ብላ አንድ ሳምንት ትጠብቃለች። ሌላ ሳምንት ትጨምራለች። አሁን ከፀነሰች 28 ቀን ሆናት። ለባሏ አልነገረችም፤ ለእናቷም አልተነፈሰችም፤ እሷ ራሷም ገና እርግጠኛ አይደለችም። ማንም ባላወቀው በዚህ ወር ውስጥ ግን በማኅፀኗ አንድ ትልቅ ሥራ ተጀምሮ አልቋል። የልጇ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቱቦ ከላይ እስከ ታች ተዘግቷል። ወይም ደግሞ ሳይዘጋ ቀርቷል።

ይህን ስሌት ያዙልኝ፤ እስከ መጨረሻው አብሮን ይዘልቃል።

ዛሬ የማወራችሁ ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት ኪኒን ነው። በጤና ጣቢያና በጤና ኬላ ለነፍሰ ጡር በነጻ የሚሰጠው፣ አንዳንዱ «የደም ማነስ ኪኒን»፣ አንዳንዱ «አይረን» የሚለው ነው። በውስጡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ብረት ሲሆን ብዙ ጊዜ መጠኑ 60 ሚሊግራም ነው። ሌላው ፎሊክ አሲድ ነው፤ መጠኑ 400 ማይክሮግራም። አንድ ግራም ፎሊክ አሲድ ለ2,500 እንዲህ ያሉ ኪኒኖች ይበቃል ብል ትንሽነቱ ይታያችኋል። በውጭ አገር ደግሞ በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጡት የነፍሰ ጡር ቫይታሚኖች ከእነዚህ ከሁለቱ በተጨማሪ አዮዲን፣ ቫይታሚን ዲ፣ ቢ12፣ ዚንክና ሌሎችንም ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት 15 ንጥረ ነገሮችን የያዘ አንድ የነፍሰ ጡር ኪኒን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል።

ኪኒኑን ታውቁታላችሁ። ችግራችን ያለው ጊዜው ላይ ነው። ዘግይተን እንጀምረዋለን፤ ቀድመን እናቆመዋለን። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ አይወጣም።

ፎሊክ አሲድ እንዴት ታወቀ? ነገሩ የሚጀምረው ከነፍሰ ጡር ሴቶች ስለሆነ ልንገራችሁ። ሉሲ ዊልስ የምትባል እንግሊዛዊት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ ሕንድ፣ ቦምቤይ ከተማ ሄደች። በዚያ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠሩ ድሆች ሴቶች ሲያረግዙ በከባድ የደም ማነስ ይያዙ ነበር፤ ብዙዎቹም ይሞቱ ነበር። ዊልስ ተሐዋሲ ፈለገች፤ አላገኘችም። ከዚያ ወደ ማዕዳቸው ዞረች። ሴቶቹ የሚበሉትን ዓይነት ምግብ ለጦጣዎች ብትሰጥ ጦጣዎቹም ደማቸው አነሰ። በብዙ ሙከራ መካከል ማርማይት የሚባለውን፣ ከቢራ ጠመቃ በሚተርፍ እርሾ የሚሠራውን ጥቁር የዳቦ ቅባት ሞከረች። ጦጣዎቹ ዳኑ። ሴቶቹም ዳኑ። ውጤቷን እ.ኤ.አ. በ1931 አሳተመች። በእርሾው ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ግን ገና አልታወቀም ነበርና ለዓመታት «የዊልስ ንጥረ ነገር» ሲባል ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1941 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከብዙ ኩንታል ስፒናች ጥቂቱን አጣርተው አወጡና «ፎሊክ አሲድ» አሉት። ስሙ ቅጠል ከሚለው የላቲን ቃል የተወሰደ ነው።

እስከዚህ ድረስ ፎሊክ አሲድ የደም መድኃኒት ብቻ ነበር። ከልጅ አፈጣጠር ጋር ያለው ግንኙነት ጥርት ብሎ የታየው ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነው። በሰባት አገሮች በሚገኙ 33 የሕክምና ማዕከላት፣ ከዚህ ቀደም በዚያ ቱቦ አለመዘጋት የአከርካሪ ወይም የራስ ቅል መከፈት ያለበት ልጅ የፀነሱ ሴቶች ለሚቀጥለው እርግዝና ሲዘጋጁ በጥናት ውስጥ ገቡ። ከፊሎቹ ፎሊክ አሲድ ተሰጣቸው፤ ከፊሎቹ አልተሰጣቸውም። እ.ኤ.አ. በ1991 ውጤቱ ሲወጣ ፎሊክ አሲድ ካልወሰዱት መካከል 21 ጽንሶች፣ ከወሰዱት መካከል ግን 6 ብቻ ችግሩ ተገኝቶባቸዋል። ጥናቱ ከታሰበለት ጊዜ በፊት ቆመ፤ ጥቅሙ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ በኋላ ለግማሾቹ መከልከል አይገባምና። በዓመቱ ከሃንጋሪ ሌላ ጥናት መጣ። በዚያ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ልጅ ወልደው የማያውቁ ሴቶችም ከእርግዝና በፊት ፎሊክ አሲድ ያለበት ቫይታሚን ቢወስዱ እንደሚጠቀሙ ታየ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ፎሊክ አሲድ በዱቄት ውስጥ እንዲገባ በግዴታ ደነገገች። ምክንያቱ ቅድም በጣታችን የቆጠርነው ስሌት ነው፤ እርግዝናውን ያላወቀች ሴት ኪኒን አትውጥም፣ ዳቦ ግን ትበላለች።

ወደ አገራችን እንምጣ። በዓለም በአማካይ ከ10,000 ልደቶች ሃያ ገደማ የሚሆኑት የዚህ ቱቦ አለመዘጋት ያገኛቸዋል። በትግራይ ሆስፒታሎች በተደረገ ጥናት የተገኘው ቁጥር ከ10,000 ወደ 130 የሚጠጋ ነው። በአዲስ አበባና በአማራ ክልል ሆስፒታሎችም የታየው ከዓለም አማካይ እጅግ የበለጠ ነው። የራስ ቅሉ ሳይገጥም የቀረ ሕፃን አይኖርም፤ ሞቶ ይወለዳል፣ ወይም በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ይሞታል። ጀርባው ላይ አከርካሪው ክፍት ሆኖ የተወለደ ሕፃን በቀዶ ጥገና ሊተርፍ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን እግሩ አይታዘዝለትም፣ ሽንቱን መቆጣጠር ይሳነዋል፣ በጭንቅላቱ ፈሳሽ ይጠራቀምበታል። እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት ከሁሉ አስቀድማ የምትጠይቀው «ምን በደልኩ?» ብላ ነው። እህቶቼ፣ በደል የለም። እርግማንም ቁጣም አይደለም። ማንም ቀድሞ ያልነገራት የአንድ ወር ጉዳይ ነው።

«እኛ እኮ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ጎመን እንበላለን፤ ፎሌት ደግሞ በእነዚህ ውስጥ ሞልቷል» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ሞልቷል። ግን ጎመኑን እንዴት እንደምንሠራው አስቡ። ቀቅለን፣ ጨምቀን፣ አረንጓዴውን ውኃ እንደፋለን። ፎሌት በውኃ የሚሟሟ ነውና ከውኃው ጋር አብሮ ይሄዳል። ሽሮውም ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ደግሞ ረጅም ሰዓት ተንተክትኮ ነው ገበታ የሚደርሰው፤ ፎሌት እሳትም አይወድም። በዚያ ላይ በምግብ ውስጥ ያለውን ፎሌት ሰውነት የሚወስደው የኪኒኑን ያህል አይደለም። ስለዚህ ጎመኑን በጥቂት ውኃ አብስሉት፣ ውኃውን አትድፉት፣ ሰላጣና ፍራፍሬ ጨምሩ፤ ይህ ሁሉ ይጠቅማል። ኪኒኑን ግን አይተካም።

መንግሥትም በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት በንጥረ ነገር እንዲበለጽጉ በግዴታ ደንግጓል። መልካም እርምጃ ነው። ሆኖም ጤፏን ለቅማ በሰፈር ወፍጮ ለምታስፈጭ እናት የፋብሪካ ዱቄት ምን ያህል ይደርሳታል? ለእሷ ቀጥተኛው መንገድ ዛሬም ኪኒኑ ነው።

እንግዲህ ይህ ከሆነ ኪኒኑ መቼ ይጀመር? ቢያንስ ከመፀነስ አንድ ወር በፊት፤ ሦስት ወር ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ከዚያ በእርግዝናው የመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ሳይቋረጥ ይወሰዳል። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው በእርግዝናቸው የመጀመሪያ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት ከአምስት ሴቶች አንዷ ያህል ናቸው። ሌሎቹ የመጡት ሆዱ ገፋ ካለ በኋላ ነው፤ ጭራሽ ያልመጡም ብዙ ናቸው። ምክንያቱን እናውቀዋለን። እርግዝና በመጀመሪያው ወራት በባህላችን ምስጢር ነው። ዓይን ይፈራል። «ሳይጸና ምን ይወራል» ይባላል። ያ ምስጢር የእናቲቱ ነውና አክብሩት። ኪኒኑ ግን ከምስጢሩ ቀድሞ መጀመር ይችላል።

ሁለት በር ላሳያችሁ። የመጀመሪያው ሠርግ ነው። ጥርና ሚያዝያ ሲመጡ ስንት ድንኳን እንደሚተከል ታውቃላችሁ። ብዙ ሙሽሮች ከጋብቻ በፊት የደም ምርመራ ያደርጋሉ፤ ብዙ ቤተ እምነቶችም ይህን ይጠይቃሉ። ያን ቀን ከላቦራቶሪው ከመውጣታችሁ በፊት «ልጅ ቶሎ እንፈልጋለን፤ ፎሊክ አሲድ ስጡን» በሉ። ሚዜዎች ስለ መኪናውና ስለ ቪዲዮው ሲጨነቁ አንዷ ይህንን ታስታውስ። ሁለተኛው በር የወሊድ መከላከያ የሚቆምበት ቀን ነው። ከክንድ ላይ የተቀበረውን ልታስወጣ፣ ሉፑን ልታስነቅል፣ መርፌውን ልታቆም ወደ ጤና ጣቢያ የመጣች ሴት ብዙ ጊዜ የምትፈልገው ልጅ ነው። ያ ቀን ፎሊክ አሲድ የሚጀመርበት ቀን ይሁን። ባለሙያዎች ሆይ፣ ሳትጠየቁ ስጡ፤ እናቶች፣ ሳይሰጧችሁ ጠይቁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ለእርግዝናም ቀድሞ መታጠቅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። ከዚህ ቀደም አከርካሪው ወይም ራስ ቅሉ ያልገጠመ ልጅ የፀነሰች፣ የስኳር ሕመም ያለባት፣ ወይም ለሚጥል በሽታ እንደ ቫልፕሮዬት ያለ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ከመፀነሷ በፊት ሐኪም ማማከር አለባት። ከእነዚህ ለአንዳንዶቹ ሐኪሙ ከተለመደው አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ የሆነ ፎሊክ አሲድ ሊያዝ ይችላል። በገዛ እጅ ግን አሥር ኪኒን አይዋጥም። የሚጥል በሽታ መድኃኒትንም ያለ ሐኪም ምክር ማቆም አደገኛ ነው።

አሁን ወደ ብረት እንለፍ። በእርግዝና ጊዜ የእናት ደም መጠኑ በግማሽ ገደማ ይጨምራል። ልጅ ደም ይፈልጋል፤ እንግዴ ልጁ ይፈልጋል፤ ማኅፀኑም ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ተደምሮ አንድ እርግዝና ወደ 1,000 ሚሊግራም፣ ማለትም አንድ ግራም ያህል ብረት ይጠይቃል። በአንጻሩ ሰውነታችን በተለምዶ ከምግብ የሚወስደው በቀን ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊግራም ብቻ ነው። ሒሳቡ እንደማይገጥም አያችሁ? የጎደለውን እናቲቱ ከራሷ ጎተራ ታወጣለች። ጎተራዋ ባዶ ከሆነስ? ያቺ እናት ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል፣ ያዞራታል፣ አፈር አፈር ይላታል። አፈርና የግድግዳ ጭቃ መብላትን «አምሮት ነው» ብለን እንስቃለን፤ ብዙ ጊዜ ግን የብረት እጥረት ምልክት ነው። ምጥ በመጣ ጊዜ ደግሞ ጉዳዩ የሞትና የሕይወት ይሆናል። በአገራችን እናቶችን ከሚገድሉት ዋነኞቹ አንዱ የወሊድ ደም መፍሰስ ነው። ደሟ የሞላ እናት የምትቋቋመውን መፍሰስ ደሟ ያነሰ እናት አትቋቋመውም።

«ቀይ ጤፍ ደም ይሆናል፤ ስለዚህ አያሰጋኝም» የሚለውንም እንመልከተው። ጤፍ ብረት አለው። ይሁንና ጤፍ በላቦራቶሪ ሲመረመር ከሚታየው ብረት ብዙው በአውድማ ላይ በበሬ ኮቴ ሲወቃ ከአፈሩ የተቀላቀለ ነው፤ ያን ሰውነት ብዙም አይወስደውም። እህሉ ራሱም ብረትን ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ ፋይቴት የሚባል ነገር አለው። ሊጡ ሲቦካ ይህ ይቀንሳል፤ እርሾ የረዳን እዚህም ላይ ነው። ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ዘይቱን፣ ፓፓያ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ከእንጀራው ጋር ቢበሉ በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ሲ ብረቱን ሰውነት እንዲቀበለው ያግዛል። ሥጋ ለቻለ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል።

ስለ ቡና ሳልናገር ብወርድ አትምሩኝም። ቡናና ሻይ ብረትን በሆድ ውስጥ ያስሩታል፤ ከምግብ ወይም ከኪኒን ጋር አብረው ሲጠጡ ሰውነት የሚወስደው ብረት በግማሽና ከዚያ በላይ ሊቀንስ ይችላል። አቦል ተቀድቶ፣ ኪኒኑ በአቦሉ ተውጦ፣ ቶናና በረካ ሲደገምበት ያ ብረት ወዴት ይደርሳል? ቡናውን ተዉ አልልም፤ ብልም አትሰሙኝም። ኪኒኑን በውኃ ውሰዱት። በኪኒኑና በቡናው መካከል ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት ይለፍ። የካልሲየም ኪኒንም የታዘዘላት እናት ሁለቱን በተለያየ ሰዓት ትውሰድ፤ እነሱም ይጋፋሉ።

ቅድም ባነሣሁት የ2008 ዓ.ም. ዳሰሳ መሠረት በእርግዝናቸው ወቅት ለ90 ቀናትና ከዚያ በላይ የብረት ኪኒን የወሰዱት ሴቶች ከመቶ አምስት ገደማ ብቻ ነበሩ። ሌሎቹስ? ብዙዎቹ ኪኒኑን ጭራሽ አላገኙም። ካገኙትም ብዙዎቹ በየመሳቢያው ትተውታል። ለምን እንደሚተዉት ስትጠይቁ ሦስት መልስ ትሰማላችሁ።

አንደኛው «ያቅለሸልሸኛል» ነው። እውነት ነው፤ ያቅለሸልሻል። ጠዋት በባዶ ሆድ ከመውሰድ ይልቅ ማታ ከእራት ጋር ወይም ልትተኙ ስትሉ ውሰዱት። የምትጾም እናትም ብትሆን የማታው ሰዓት ይመቻታል። ሆድ ድርቀት ካስቸገረ ውኃ፣ ተልባ፣ ፍራፍሬ ይረዳል። ሁለተኛው «ሰገራዬ ጠቆረ፤ ሆዴን ጎዳኝ» ነው። የጠቆረው ሰውነት ያልወሰደው ብረት ነው፤ አይጎዳም። ሦስተኛው ከሁሉ የከበደው ነው፦ «ኪኒኑ ልጁን ያገዝፈዋል፤ ምጥ ያጠናብኛል»። ይህን የምትለው አማት ወይም ጎረቤት ናት፤ የምትለውም ከፍቅር ነው። እማማ፣ አክብሬ ልመልስልዎ። የብረት ኪኒን ልጁን አያገዝፈውም፤ የሚረዳው ክብደቱ ከሚገባው በታች ሆኖ እንዳይወለድ ነው። ይልቅስ ምጥን ሊያከብደው የሚችለው የደም ማነስ የሚያመጣው ድካም ነው። ልጅዎ ወይም ምራትዎ በምጧ ቀን አቅም እንዲኖራት ከፈለጉ ኪኒኗን እርስዎ ያስታውሷት።

ጾምን ካነሳሁ አይቀር፦ ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን የሚገኘው ከእንቁላል፣ ከወተት፣ ከሥጋና ከዓሣ ነው። ለረጅም ጊዜ ከነዚህ የራቀች ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናት ይህ ቫይታሚን ለራሷም ለሚጠባው ልጅም ሊያጥራት ይችላል። ኦርቶዶክሳዊት እናት ከንስሐ አባቷ ጋር ትመካከር። በእስልምናም ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናት የረመዳንን ጾም እንድታቆይ ፈቃድ እንዳላት ታውቃላችሁ። የተሰጠን ምሕረት መጠቀም ድክመት አይደለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ስሕተታችን ደረስን፤ ቀድመን ማቆማችን። እናቲቱ በሰላም ተገላገለች፤ እልል ተባለ፤ ኪኒኑስ? ብዙ ጊዜ ከሆስፒታሉ ቦርሳ ውስጥ እንደተጣለ ይቀራል። «አሁን ምን ያደርግልኛል፤ ልጁ እንደሆነ ወጥቷል።» በሰላም የወለደች እናት እንኳ እስከ ግማሽ ሊትር ደም ልታፈስ ትችላለች። በዚያ ውስጥ 200 ሚሊግራም ያህል ብረት አለ። ቅድም እንዳልነው ከምግብ በቀን የሚገኘው አንድ ሁለት ሚሊግራም ነው። ያን ጎተራ በምግብ ብቻ ለመሙላት ስንት ወር ይፈጃል? በዚያ ላይ ሌሊት እንቅልፍ የለም፤ ቀን ጡት አለ። የአራስ ድካም ሁሉ ተፈጥሮ ብቻ ነው ብለን እናልፈዋለን፤ ከፊሉ ግን ያልተሞላ ደም ሊሆን ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት የነፍሰ ጡር ደም ማነስ በተስፋፋባቸው አገሮች እናቶች ከወለዱ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሳምንታት የብረት ኪኒን፣ ብቻውን ወይም ከፎሊክ አሲድ ጋር፣ እንዲወስዱ ይመክራል። ስድስት ሳምንት 42 ቀን ነው፤ አሥራ ሁለት ሳምንት 84 ቀን። እነዚህን ቁጥሮች መጀመሪያ ሳያቸው ፈገግ አልኩ። የወንድ ልጅ ክርስትና በአርባ ቀን፣ የሴት ልጅ በሰማንያ ቀን አይደለምን? እናቶቻችን አራስን በእነዚህ ቀናት ከሥራ አሳርፈው፣ ገንፎ አገንፍተው፣ አጥሚት አጥልለው፣ ዶሮ አርደው የሚጠብቋት ያለ ነገር አልነበረም። አካሏ እንደተጎዳ፣ መጠገኛ ጊዜ እንደሚያስፈልገው አውቀው ነው። እኔ በዚያ ወግ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ብቻ እጨምራለሁ፤ ከገንፎው ሳህን አጠገብ ኪኒኑ ይቀመጥ። አራስ ልትጠይቁ ስትሄዱ ሳሙናና ቅቤ እንደምትወስዱ ሁሉ «ኪኒንሽን ዋጥሽ ወይ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። አርባው ቀን አልፎ ስድስት ሳምንት እስኪሞላ ማታ ማታ አንድ፣ ብትችል ሰማንያው ቀን አልፎ አሥራ ሁለት ሳምንት እስኪሞላ። የአራስ ኪኒን ቀጠሮ እንዲህ ቀለል ብሎ ሊያዝ ይችላል።

ልጁም ከዚህ ድርሻ አለው። የእናት ጡት ወተት ብረቱ ጥቂት ነው። በጊዜው የተወለደ ሕፃን የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት በአብዛኛው የሚኖረው በማኅፀን ሳለ ከእናቱ ባጠራቀመው ብረት ነው። አዮዲን ግን በየቀኑ በወተቷ ውስጥ ያልፋል፤ ለልጁ አንጎል ዕድገት ያስፈልጋል። በአገራችን ጨው አዮዲን እንዲኖረው በመንግሥት ደንብ ከተወሰነ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል። ጨዋችሁ አዮዲን ያለው መሆኑን አረጋግጡ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አኑሩት፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት።

አራሶች ከወለዱ ሦስት ወር ገደማ ሲሆናቸው ፀጉራቸው እየረገፈ ይደነግጣሉ፤ ቫይታሚን ፍለጋም ይሯሯጣሉ። እርጉዝ ሳሉ ሊረግፍ የሚገባው ፀጉር ሳይረግፍ ቆይቶ አሁን አንድ ላይ መውጣቱ ነው። ከወራት በኋላ ይመለሳል። ውድ ቫይታሚን ሳይሆን ጊዜ ነው የሚፈታው። ከድካምና ከማዞር ጋር ከሆነ ግን ደማችሁን ተለኩ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «ቫይታሚን ጥሩ ከሆነ ብዙው ይበልጥ ጥሩ ነው» ብላችሁ እንዳትወጡ እሰጋለሁ። አይደለም። ቫይታሚን ኤ በሬቲኖል መልኩ በብዛት ከተወሰደ ራሱ ጽንሱን ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ባለ ብዙ ቫይታሚን ኪኒን ደራርቦ መውሰድ፣ ነፍሰ ጡር ሆኖ ዘወትር ጉበት መብላትም አይገባም። ካሮትና ጎመን ውስጥ ያለው ዓይነት ግን አያሰጋም። አንድ ቀን ኪኒን ከተረሳ በማግሥቱ ሁለት አይዋጥም፤ አንዱን ብቻ መቀጠል ነው።

በአሜሪካም፣ በአውሮፓም፣ በአረብ አገርም ያላችሁ፣ ለእህቶቻችሁ በሻንጣ ቫይታሚን የምትልኩ ወገኖች፣ ጀርባውን አንብቡ። እንደ ከረሜላ የሚታኘኩት የነፍሰ ጡር ቫይታሚኖች ብዙዎቹ ብረት የላቸውም። እህታችሁ ያን እያኘከች የጤና ጣቢያውን ኪኒን ከተወች ያለ ብረት ቀረች ማለት ነው። ፀሐይ በማይበዛበት አገር የምትኖሩ፣ ወይም ቆዳችሁ በልብስ ተሸፍኖ የሚውል እናቶች ደግሞ ስለ ቫይታሚን ዲ፣ ለራሳችሁም ለሚጠባው ልጅም፣ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ለቤቱ ሁሉ ነው። ያ ቀይ ኪኒን ከረሜላ ይመስላል። ለእናት ሕይወት የሆነው ብረት ለሁለት ዓመት ሕፃን በአንድ ጊዜ በርከት ብሎ ሲዋጥ መርዝ ነው፤ ይገድላል። ከትራስ ሥርና ከጠረጴዛ ላይ አንሡት፤ ከፍ ካለ ቦታ ቆልፉበት። ልጅ ከዋጠ «እስኪ እንየው» አይባልም፤ ወዲያው ሐኪም ቤት።

ንግግሬን በጣት ስሌት ጀምሬ ነበር፤ በጣት ልጨርስ። ልጅ ለመፀነስ ስታስቡ፣ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት፣ ፎሊክ አሲድ። መፀነስ እንደታወቀ፣ ወደ ጤና ተቋም፤ እስከ ወሊድ ድረስ በየቀኑ አንድ ኪኒን በውኃ፣ ከቡና ራቅ ብሎ። ከወሊድ በኋላ፣ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት፣ ብትችሉ እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት። ሦስት ጣት ነው።

ባሎች፣ ለእናንተ አንድ አደራ አለኝ። ዛሬ ማታ ስትገቡ «ስለ ምን ተወራ?» ተብላችሁ ብትጠየቁ «ስለ ሴቶች ነገር» ብላችሁ እንዳታልፉት። ኪኒኑን ከጤና ጣቢያ ማምጣትም፣ ከእራት በኋላ ከአንድ ብርጭቆ ውኃ ጋር አቅርቦ ማስታወስም ለወንድ አይከብድም።